በር ያለው አልጋ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ የአንዲት አራስ ቤት ነገር ነው። ሴትዮዋን ከብዙ እናቶች ቀንጨብ ቀንጨብ አድርጌ ያቆምኳት እኔው ነኝ፤ ስም አላወጣሁላትም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ሕጉና ዓመቱ፣ ቁጥሩና የዕቃው አሠራር ግን ከእኔ ኪስ የወጣ አይደለም። ተራኪ ማጋነን ይወዳልና ድንበሩን ከወዲሁ ላስምር ብዬ ነው። ነገሩ አብዛኛው የሆነው አሜሪካ ስለሆነ ዓመቱን በፈረንጅ እቆጥራለሁ።

ልጅቱ ደሴ ነው የተወለደችው። ገና ድክ ድክ ስትል ልምሻ ያዛት፤ ሐኪም ፖሊዮ የሚለው። እግሮቿ ሰነፉ፣ ክንዶቿ ተረፉ። መናገሻ ያለው የቼሻየር ማእከል የብረት ድጋፍ አስሮ፣ ክራንች አስይዞ አቆማት። ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ ኋላም ዲቪ ደርሷት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባች። እዚያ ክራንቹን ጥላ ዊልቸር ላይ ተቀመጠች። ተሸንፋ አይደለም፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሰውነቷን የተሸከሙት ትከሻዎች በቃን ብለዋት ነው። አገባች። በ2011 ሰኔ ላይ ሆዷ ገፋ።

ወሬው ሲሰማ እልል የሚለው እልል አለ። ከእልልታው ኋላ ግን አንድ ጥያቄ ተከትሎ መጣ፤ ከቅዳሴ መልስ፣ በስልክ፣ በሹክሹክታ። «ታዲያ ማን ሊያዝልላት ነው?»

ጥያቄው ክፋት አልነበረውም። እኛ ዘንድ ልጅ የሚያድገው ጀርባ ላይ ነው። በአንቀልባ ይሁን በነጠላ፣ እናት ልጇን አዝላ ትፈጫለች፣ ታቦካለች፣ ገበያ ትወጣለች። ዊልቸር ደግሞ መደገፊያ አለው፤ ጀርባን ይይዛል። ጀርባ ከሌለ ልጁ የት ይቀመጣል? ጠያቂዎቹ ከዚህ በላይ አላሰቡም። እሷም ብትሆን እውነቱን ለመናገር ገና ጀማሪ ነበረች።

ያሰበችው አንድ ነገር ነበር፤ አልጋው። እንደ እሷ በዊልቸር የምትሄድ ጓደኛ ነበረቻት፤ ሁለት ልጆች ያሳደገችበትን አልጋ ልትሰጣት ቃል ገብታለች። ያኔ በአሜሪካ በየቤቱ የነበረው ዓይነት ነው፤ አንደኛው ጎኑ በሐዲድ ወደ ታች ይንሸራተታል። ቆሞ ለሚያጎነብስ ወላጅ ይኼ ጎን ለወገቡ ምቾት ነበር። ተቀምጦ ለሚውል ወላጅ ግን ሌላ መግቢያ የለም፤ ጎኑ ካልወረደ ልጁ ከአጥር ማዶ ነው።

ሰኔ 28 ቀን 2011፣ በእኛ ሰኔ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን ያወጣው ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ጎኑ የሚንሸራተት የሕፃን አልጋ መሥራትም መሸጥም ተከለከለ። አሮጌውንም ለዘመድ ለጓደኛ አትስጡ ተባለ። ጓደኛዋ አልጋውን ፈታ ጣለችው።

ኮሚሽኑ ያለ ምክንያት አልተነሣም። ጎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ ሲያረጅ ይሰበራል፣ ቡሎኑ ይላላል፣ ጎኑ ከሐዲዱ ይወጣል። በፍራሹና በእንጨቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። በእንቅልፉ የተንከባለለ ሕፃን እዚያ ይገባና ይታፈናል። በአሥር ዓመት ግድም ውስጥ ቢያንስ 32 ሕፃናት እንዲህ ሞተዋል። ከ2007 ወዲህ አደገኛ ተብለው ከገበያና ከየቤቱ የተጠሩት የሕፃን አልጋዎች ከ11 ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

እኔን ብትጠይቁኝ ደንቡ ትክክል ነበር። 32 ሕፃን ተቀብሮ በምቾት መከራከር ይከብዳል። ነገር ግን ጎኑ ሲቸነከር ውጭ የቀሩ ሰዎች አሉ። ደንቡ የሚያስበው ስለሚተኛው ልጅ ነው፤ በሌሊት የሚያነሣው ሰው ቁመቱ ስንት እንደሆነ፣ ቆሞ እንደሆነ ተቀምጦ፣ ጉዳዩ አይደለም። ለእሷ ደግሞ ጉዳዩ ሁሉ ይኼው ነው።

ሐኪም ቤት አንዲት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ተመድባላት ነበር። ሙያዋ ጉዳት ወይም ሕመም ያለበት ሰው የዕለት ኑሮውን በምን ዘዴ እንደሚኖር መፈለግ ነው። አንዲት ቀጠን ያለች፣ የማትጣደፍ ሴት። ዕቃ መግዛት ሳይጀመር እንዲህ አለቻት፤ «ሱቅ ስትገቢ የምታስቢው ስለሚወለደው ልጅ ከሆነ ትሳሳቻለሽ። ሲወለድ ሦስት ኪሎ ምናምን ቢሆን ነው፤ እሱን ማንም ያነሣዋል። ስድስት ወር ሳይሞላው ያን ክብደት እጥፍ ያደርገዋል፣ በዓመቱ ሦስት እጥፍ። ዕቃውን ለአሥር ኪሎው ልጅ ምረጪ።»

ባልየው አሥር ኪሎ ሩዝ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ጫፉን አሰረ። እሷ በነጠላ ጠቀለለችው። ሩዙን ታቅፈው ሱቅ ገቡ። ባልየው ሰው ባያያቸው ይወድ ነበር፤ እሷ ግን ከአልጋ አልጋ እየዞረች ሩዙን ታስተኛለች፣ ታነሣለች። አንዲት ሻጭ «ስንት ወሩ ነው?» ብላ ጎንበስ ስትል ሩዝ ሆኖ አገኘችው። ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያቺ ሻጭ ዕቃውን ሁሉ ከመደርደሪያ እያወረደች ወለል ላይ ታኖርላት ጀመር፤ ሽያጩን ትታ ነገሩን ለማወቅ ጓጓች።

ነገሩም ይህ ነበር። የአልጋው አግዳሚ ከተቀመጠችበት ልክ አገጯ ላይ ይደርሳል። ሩዙን ለማስተኛት ክንዷን ከትከሻዋ በላይ አንሥታ፣ አሻግራ፣ እዚያ ማዶ ማውረድ አለባት። በቀን አሥር ጊዜ። ዳይፐር መቀየሪያው ጠረጴዛ ከሥሩ መሳቢያ ተደርድሮበታል፤ ጉልበቷ አይገባም፤ ጎኗን ሰጥታ ወገቧን ጠምዝዛ ነው የምትደርሰው። የመመገቢያው ወንበር እግሮቹ ወደ ውጭ ተንሰራፍተዋል፤ የዊልቸሩ መርገጫ ይጋጫቸዋል። የልጅ ጋሪው ፍሬን ደግሞ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነው። በእግር! የመታጠቢያው ሳፋ ቀላል ነው፣ ባዶውን። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ መሆኑን ግን አትርሱ፤ ሃያ ሊትር ሞልቶ ከቧንቧ ወደ ወለል የሚያወርደው ማን ነው?

እዚያው ሱቅ ውስጥ ሩዙን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ልትሄድ ስትል አንድ ሌላ ነገር ገባት። ዊልቸር የሚገፋው በሁለት እጅ ነው። በአንድ እጅ ከገፉት ባለበት ይዞራል። አንድ እጇ ልጅ ከያዘ መንገድ የለም፤ ሁለቱም ከገፉ ልጅ ያዥ የለም። ሩዙ ተንሸራቶ ከእግሯ ሥር ወደቀ፤ ከረጢቱ ተፈታ። ሻጯ መጥረጊያ ስታመጣ የኛ ሴት ሩዙን እያየች ትቆጥር ነበር፤ ምን ምን መታሰር እንዳለበት።

አሁን ትረካውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ይዤው ልሂድ፤ ይህች ሴት የያዘችው ጥያቄ ከእሷ በፊት አገር የዞረ ነውና።

በርክሌ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ አለ። በ1962 እዚያ ኤድ ሮበርትስ የሚባል ተማሪ ገባ። በ14 ዓመቱ ያው የእኛን ልጅ የያዛት በሽታ ይዞት ከአንገቱ በታች ሽባ አድርጎታል፤ ሌሊት የሚተነፍሰው የብረት ሳንባ በሚባል በርሜል በሚመስል ማሽን ውስጥ ተኝቶ ነው። መኝታ ቤቶቹ ማሽኑን ስለማይችሉ ዩኒቨርሲቲው በተማሪዎች ሆስፒታል አኖረው። እሱና ጓደኞቹ በ1972 ራስን ችሎ የመኖር ማእከል የሚባለውን አቋቋሙ። አቋማቸው አጭር ነው፤ አካል ጉዳተኛ ስለ ኑሮው የሚወስነው ራሱ ነው፣ ችግሩም ያለው ሰውነቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ደረጃው ላይ፣ በሩ ላይ፣ ዕቃው ላይ ነው። ሮበርትስ ኋላ አገባ፣ ወንድ ልጅም ወለደ።

ሰው ራሱን ችሎ መኖር ሲጀምር ይወልዳል፤ ይኼ ይጠበቃል። በዚያው ከተማ በ1982 ሜጋን ኪርሽባም የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ስሩ ዘ ሉኪንግ ግላስ የተባለ ድርጅት ስታቋቁም ሥራው አካል ጉዳት ያለባቸው ወላጆችና ልጆቻቸው ሆነ። መጀመሪያ ያደረጉት ዕቃ መሥራት አልነበረም፤ ማየት ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ሲያነሡ፣ ሲያጠቡ፣ ዳይፐር ሲቀይሩ በቪዲዮ ቀረጹ። ያዩት ነገር እኔን እስካሁን ይገርመኛል። በሌላ ሰው እጅ ሲንፈራገጥ የነበረ ሕፃን፣ እናቱ ልታነሣው ስትጠጋ እጅና እግሩን ሰብስቦ ጸጥ ይልላታል። ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት! ማንም ሳያስተምረው የእናቱን ክንድ አቅም አውቆ ይተባበራል።

ግን ይህ የሚሆነው የምታነሣው እሷ ከሆነች ብቻ ነው። ልጁ የሚማረው ከሚነካው እጅ ነው። እጁ የሌላ ሰው ከሆነ የሌላውን ሰው ይማራል።

ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ ዕቃው መጣ። ጎኑ የሚከፈት አልጋ፣ ዊልቸር ላይ የሚገጠም የዳይፐር መቀየሪያ ጠረጴዛ፣ በእግር ለሚሄዱ ግን ሚዛናቸው ለማያስተማምን ወላጆች የልጅ መቀመጫ የተገጠመለት የመራመጃ ድጋፍ፣ ልጁ የሚለብሰው እጀታ ያለው ማንሻ። ሁሉም የተሠራው የአንድ ወላጅ ውሎ ተጠንቶ ነው፤ የትኛው ሰዓት ላይ ክንዷ ይዝላል? ከአልጋ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መኪና፤ መከራው ያለው መሸጋገሪያው ላይ ነው። ሽግግሩ የሚያደክማት እናት ሳታውቀው ሽግግሩን ትቀንሳለች። ዳይፐሩ ትንሽ ይቆያል፣ ገላው ነገ ይሁን ይባላል።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እንመለስ፤ ልጁ ተወልዷል። ወንድ ነው።

እናቷ፣ እማማ፣ ከደሴ መጡ፣ ሊያርሷት። ሻንጣቸው ውስጥ የገንፎ ዱቄት፣ የአጥሚት እህል፣ ቅቤ፣ በርበሬ፤ ከሁሉ ሥር ደግሞ ራሳቸው ሰባት ልጅ ያሳደጉበት ማዘያ። ስድስት ወር የመቆያ ጊዜ ተመታላቸው። ቤቱ ሞቀ፣ ገንፎው ተገነፋ፣ ሰው ጎረፈ፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ።

እማማ ጎበዝ ናቸው፤ ችግሩም እሱ ሆነ። ልጁ እህ ሲል እናቱ ዊልቸሯን ከሳሎን አዙራ እስክትደርስ እሳቸው ጀርባ ላይ ነው። «ተዪ ልጄ፣ አንቺ ዕረፊ፤ አራስ አይደለሽ?» ይላሉ። አራስ ናት፤ ምን ትመልስ? ልጁ ግን ሲከፋው ዓይኑ የሚፈልገው እማማን ሆነ። ጭኗ ላይ ስታስቀምጠው ይንፈራገጣል፤ አታውቀኝም፣ አላውቅሽም የሚል ይመስላል። አንድ ቀን ማታ ለባሏ «ልጁን የወለድኩት ለእማዬ ነው መሰለኝ» አለችው። ቀልዳ ነበር፤ አልሳቀላትም።

ቴራፒስቷ ቤት ስትመጣ ይህን አየች። እማማን ቡና ሲያፈሉ አድንቃ፣ ሁለተኛውን ጠጥታ፣ በልጅቱ አስተርጓሚነት ጠየቀቻቸው፤ «እርስዎ ወደ አገርዎ ሲመለሱ ማነው የሚያነሣው?»

እማማ ጀበናውን አስቀመጡ። «እግዜር አለ» አሉ። ትንሽ ቆዩና «እሱማ አለ፤ ግን ዳይፐር አይቀይርም» ብለው ራሳቸው ሳቁ።

ከዚያ ቀን ወዲያ የቤቱ ሥርዓት ተለወጠ። እማማ ለእናትየው ይሠራሉ፣ እናትየው ለልጁ ትሠራለች። ወጡ፣ ልብሱ፣ እንግዳው የእማማ፤ ልጁ የእሷ። ሲያለቅስ እማማ እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቅ ነበረባቸው። ሰባት ልጅ ላሳደገች ሴት ይህ ከምጥ አይተናነስም፤ አንዳንዴ ኩሽና ገብተው በሩን ይዘጉ ነበር።

ዕቃው ደግሞ አንድ በአንድ ቦታውን ያዘ። ዳይፐር መቀየሪያ አልተገዛም፤ ከሥሩ ባዶ የሆነ የጽሕፈት ጠረጴዛ ወሰዱ። ጉልበት እንዲገባ ከወለል 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት መሆን አለበት፤ አሜሪካኖች ለሕዝብ ሕንፃዎች ያወጡት የዊልቸር መለኪያም ወደዚያው ነው። ጠርዝ ያለው ፍራሽ ተደረገበት፣ ዳይፐሩም ቅባቱም ክንዷ ሳይዘረጋ በሚደርስበት ተንጠለጠለ። ገላው እዚያው በትንሽ ሳፋ፤ ውኃው በማንቆርቆሪያ ይመጣል፣ ከታች ቡሽ ተነቅሎ ባልዲ ውስጥ ይወርዳል፤ ሳፋውን ማንም አያነሣም። ልብሱ በዚፕና በቬልክሮ ሆነ። የዘመድ ስጦታ ሁሉ ትንንሽ ቁልፍ ያለው ነበርና ፎቶ ተነሥቶበት ተቀመጠ።

ጭኗ ላይ ከእሷና ከልጁ ወገብ ጋር የሚታሰር ለስላሳ ቀበቶ መጣ፤ ሩዙ የወደቀበትን ዕለት ያስታወሰችው ያኔ ነው። ከቤት ስትወጣ ደግሞ በደረቷ አሰረችው። እማማ በዚህ ላይ ሊቅ ስለሆኑ ክርክር ተነሣ፤ ሰውነቱ ተሸፋፍኖ፣ ጭንቅላቱ ገባ ብሎ እንዲተኛ ይፈልጋሉ። ቴራፒስቷ ግን አልለቀቀችም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2010፣ ያው ኮሚሽን ስለ ልጅ ማንገቻ ጨርቆች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ በ20 ዓመት ውስጥ 14 ሕፃናት ሞተዋል፣ አብዛኞቹ ከአራት ወር በታች። አገጩ ደረቱ ላይ ከተጣጠፈ የአየር ቧንቧው ይዘጋል፣ እንደዚያ የሆነ ሕፃን ደግሞ አያለቅስም። ፊቱ መታየት አለበት፣ ጎንበስ ብላ ግንባሩን መሳም መቻል አለባት፣ አገጩ ከደረቱ መራቅ አለበት። ተቀምጦ የሚያዝል ሰው ከቆመው ይልቅ ሰውነቱ ስለሚታጠፍ ይህን በየጊዜው ማየት ይኖርበታል። እማማ «እኛ ሰባት አሳድገናል» ብለው ጀመሩና፣ ግንባሩን ሊስሙት ሲሞክሩ ስላልደረሱበት ዝም ብለው ጨርቁን አላሉት።

እጀታ ያለውን ማንሻ ግን አልወደዱትም። «ልጅ እንደ ዕቃ?» አሉ። ከወለል ምንጣፍ ላይ ልጁን ለማንሣት ያለው መንገድ ይኼ ነው፤ ዝቅ ብላ እጀታውን ይዛ ወደ ጭኗ ትስበዋለች። ሦስት ቀን ተኮራረፉ። በአራተኛው ቀን እማማ የማዘያቸውን ጠፍር ይዘው ስፌቱን ሲያዩ ተገኙ። የሱቁ እጀታ ለእጇ ጠባብ ነው ብለው በጠንካራ ክር ደርበው ሰፍተው ሰፊ እጀታ ሠሩለት። ቴራፒስቷ ልጁ ውስጥ ሳይገባ ያንን የታወቀ ሩዝ አሥር ኪሎውን አድርጋ ጎተተችው፣ ነቀነቀችው፣ ያዘ።

አልጋው ዘገየ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ከትልቁ አልጋ ጎን በሚገጠም ትንሽ አልጋ አሳለፉ፤ በሌሊት ክንድ ዘርግቶ መሳብ ነው። ልጁ መገልበጥና መነሣት ሲጀምር ያ አበቃ። ሱቅ ውስጥ ለእሷ የሚሆን አልነበረም፤ አራቱም ጎን የተቸነከረ ነው። በመጨረሻ በትእዛዝ ተሠራላት፤ ፍራሹ ደረቷ ድረስ ከፍ ያለ፣ ከሥሩ ጉልበቷ የሚገባበት፣ ፊት ለፊቱ በማይነቃነቅ ፍሬም ውስጥ በር ያለው። በሩ ወደ ጎን ይከፈታል፣ የሚንሸራተት ነገር የለውም፣ መቀርቀሪያው ከላይና ከታች ሁለት ነው፣ ሁለቱም ከውጭ። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከስድስት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ይኼ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ የአሜሪካ ልክ ነው፣ የሕፃን ሰውነት ሾልኮ ጭንቅላቱ እንዳይቀረቀር። በእንግሊዝ አገር ሪማፕ የሚባል ድርጅት ከ1964 ጀምሮ ይህን መሰል ሥራ ይሠራል፤ መሐንዲሶችና የእጅ ባለሙያዎች በፈቃዳቸው ለአንድ ሰው አንድ ዕቃ በነጻ ይሠራሉ። እንዲህ ያለ ነገር በየአገሩ ቢኖር ብዬ እቀናለሁ።

የመኪናውን ነገር ቶሎ ልለፈው። እጀታ ያለው የሕፃን ወንበር ከነልጁ ስምንት ኪሎ ይገባልና ወንበሩ መኪና ውስጥ ታስሮ ቀረ፣ የሚወጣው የሚገባው ልጁ ብቻ። መሃል ወንበር ይሻላል ቢባልም እሷ መሃል አትደርስም፤ በሩ ጋ በትክክል ታሰረ። ዛሬ ወደ በሩ የሚዞሩ ወንበሮች በየሱቁ አሉ፤ ያኔ በአሜሪካ ብርቅ ነበሩ። የቀበቶው መክፈቻ ደግሞ ሆን ተብሎ ጠንካራ ነው። ሕፃኑ እንዳይከፍተው ሕጉ ከ40 እስከ 62 ኒውተን ጉልበት እንዲጠይቅ ያዛል፤ በአውራ ጣት ከአራት እስከ ስድስት ኪሎ መጫን ማለት ነው። የእሷ ጣት ይችላል። የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም ያለባት እናት ግን ልጇን አስራ መፍታት ታቅታለች፤ ለዚህ የምትሆን ትንሽ የፕላስቲክ ማንሻ ትሸጣለች። የጋሪው ነገር ዘግይቶ ነው የተፈታው፤ እዚያው ሜሪላንድ፣ ፖቶማክ ውስጥ ባለው ቡሊስ ትምህርት ቤት በ2021 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ልጅ ሊወለድለት ለነበረ ዊልቸር ተጠቃሚ አባት ጋሪን ከዊልቸር ጋር የሚያያይዝ ዕቃ ሠሩ። ከሃርድዌር መደብር በተገዛ ብረትና በ3ዲ ማተሚያ በወጣ ፕላስቲክ! የእኛዋ እናት ልጅ ያኔ አሥረኛ ዓመቱን ይዞ በእግር ኳስ ይከራከራል።

ገንዘቡን ማን ከፈለ? እነሱው። የጤና መድን ዊልቸሩን ይገዛል፤ በር ያለው አልጋ ግን «የሕፃን ዕቃ ነው» ተብሎ ይመለሳል። መንግሥት የሚከፍላቸው የቤት ረዳቶችም እናትየውን ያለብሳሉ እንጂ ልጇን እንድታለብስ አያግዙም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአካል ጉዳት ምክር ቤት በ2012 ባወጣው ትልቅ ሪፖርት ይህን በስሙ ጠርቶታል። ከ18 ዓመት በታች ልጅ የሚያሳድጉ አካል ጉዳተኛ ወላጆች በዚያ አገር ቢያንስ 4.1 ሚሊዮን ናቸው ይላል።

ሌላም አለበት ሪፖርቱ፤ የሚያስፈራው። በ2010 ሚዙሪ ውስጥ ሁለቱም ዓይነ ስውር የሆኑ ወላጆች ልጃቸው በተወለደች በሁለተኛ ቀኗ ተወስዳባቸው 57 ቀን ተለይታቸው ቆይታለች። ይህን ወሬ የኛም ሴት ሰምታ ነበር። ለዚህ ነው ልጁን ይዛ ለክትትል በተመለሰች ጊዜ የወለደችበት ሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ «ቤት እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቃት ልቧ የመታው። ያን ዕለት መልሷ ቃል አልነበረም። ባልየው ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳየ፤ ጠረጴዛው፣ ሳፋው፣ ቀበቶው፣ የአልጋው ንድፍ። ሴትዮዋ አየች፣ ጻፈች፣ እኛ «ማርያም ትማርሽ» የምንለውን በእነሱ ቋንቋ ብላ ሄደች።

እማማ በስድስተኛው ወር ተመለሱ። ኤርፖርት ላይ የለቅሶው ነገር ይቅር። በማግስቱ ባልየው ሥራ ሄደ፤ እናትና ልጅ ብቻቸውን ዋሉ። ጠዋት በሩን ከፈተች፣ ልጁ ወደ ጫፉ ተንከባሎ መጣ፣ እጅና እግሩን ሰበሰበ፣ ወደ ጭኗ ሳበችው። ቁርስ፣ ዳይፐር፣ ገላ፣ እንቅልፍ። ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ስልክ ደወለ፤ እማማ ናቸው፣ ገና ሻንጣ አልፈቱም።

«በላ?»

«በላ እማዬ።»

«ያን አልጋ ፎቶውን ላኪልኝ። ከነልኩ።»

ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ ወሬው ወጣ። እማማ ሰፈር አንዲት በክራንች የምትሄድ ልጅ አርግዛለች፤ ሰው ሁሉ «ማን ሊያዝልላት ነው?» እያለ ነው። ኢትዮጵያ በ2010 በተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት 23ኛው አንቀጽ፣ እንዲህ ያለችው እናት ልጇን ለማሳደግ ድጋፍ ይገባታል ይላል፤ ደሴ ውስጥ ግን አልጋ የሚሠራው አናጢ ነው። እማማ አናጢው ዘንድ ሄደው ተቀምጠዋል። ስልኩን ከፍ አድርገው ልጃቸው ለአናጢው ልኩን እንድትነግረው አደረጉ፤ በዘንጎቹ መሃል ስድስት ሴንቲ ሜትር፣ አይበልጥ። በፍራሹና በፍሬሙ መሃል ሁለት ጣት የሚገባ ክፍተት እንዳይኖር። ይህቺኛዋ ቆማ ስለምትደገፍ ከፍታው ከዊልቸሩ ይለያል፤ መጀመሪያ እሷን ለካ፣ ቆማም ተቀምጣም። የምትደገፍበት የማይነቃነቅ አግዳሚ ይኑረው፣ ጎማ አታድርግበት፣ ቀለሙ እርሳስ የሌለበት ይሁን፣ ልጅ ይልሰዋልና።

አናጢው ጻፈ። ማጠፊያው ላይ አልተቸገረም፤ የመስኮት ማጠፊያ አለኝ አለ። መቀርቀሪያው ላይ ግን ቆመ።

«ሁለት ለምን ያስፈልጋል እማማ? አንድ ይበቃል።»

«ልጅ ጣት አለው» አሉ እማማ። «ሁለት አርግ።»

አናጢው የሁለተኛውን መቀርቀሪያ ዋጋ ጨመረበት፤ እማማም ሊከራከሩት ስልኩን ዘጉ።